ኪሳችን ውስጥ የገባችው ቅፍለት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እዚሁ ሶዶ፣ ኢማሙ ሁለተኛውን ኹጥባ ጀምረው ሳለ ከፊቴ ባለው ሰፍ የተቀመጠ ወጣት ስልኩን ከኪሱ አወጣ። አንድ መልእክት አነበበና ፈጥኖ መለሰ። እስከዚህ ድረስ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ስልኩን ግን ወደ ኪሱ አልመለሰውም። በአውራ ጣቱ አንዴ ወደ ላይ ገፋ አደረገ፤ ደገመ፤ ሠለሰ። በድንገት ከስልኩ የሳቅ ድምፅ አመለጠ። የሰፉ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ልጁ ስልኩን ጭኑ ሥር ደብቆ አቀረቀረ።

ከሶላት በኋላ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «ኡስታዝ፣ አፉ ይበሉኝ። ደንበኛ ጽፎልኝ ነው የከፈትኩት። ከዚያ ቪዲዮው መጣ» አለኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ቴሌግራም ላይ ጫማ ይሸጣል፤ በምታገኘው ትንሽ ትርፍ ወጪውን ይሸፍናል፣ ለእናቱም ይልካል። ልቆጣው አልቻልኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያው ኹጥባ መሐል የእኔም ስልክ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ እጄ ሳላዘው ሄዶ ነክቶት ነበር።

«ደንበኛ ነው፤ ከዚያ ቪዲዮው መጣ» የምትለዋ ንግግር ግን ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣችም። በሩን የከፈተው ንግድ ነው፤ ተከትሎት የገባው ጨዋታ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ጁሙዓ መጨረሻ ላይ ጎን ለጎን ያነሳቸውም እነዚህኑ ሁለቱን ነው።

የመዲናዋ ቅፍለት

ታሪኩን ያስተላለፈው ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) ሲሆን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጁሙዓ ቀን ቆመው ኹጥባ እያደረጉ ሳለ እህል የጫነች የሲራራ ነጋዴዎች ቅፍለት ከሻም መጥታ መዲና ደረሰች። ሰዉ ወደ እርሷ ነጎደ። መስጂድ ውስጥ የቀሩት 12 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አቡበክርና ዑመር ከእነርሱ መካከል ናቸው። የተፍሲር ሊቃውንት ወቅቱ የችግርና የእህል ውድነት ጊዜ እንደነበር፣ የቅፍለቷም መምጣት በከበሮ ድምፅ ይበሠር እንደነበር ይጠቅሳሉ። የሱራዋ 11ኛ አያ የወረደችው በዚህ ምክንያት ነው። አያዋ ሰዎቹ ንግድ ወይም ጨዋታ ባዩ ጊዜ ነቢዩን ቆመው ትተዋቸው መበተናቸውን አንስታ፣ አላህ ዘንድ ያለው ከሁለቱም እንደሚበልጥ፣ ሪዝቅ ሰጪም እርሱ እንደሆነ ታስተምራለች።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ልብ እንበል።

አንደኛ፣ የወጡት ሰዎች ሶሐቦች ነበሩ። ከነቢዩ ጋር የተሰደዱ፣ ነቢዩን ቤታቸው ያስተናገዱ ሰዎች። ቤታቸው እህል አልነበረም፣ ቅፍለቷ መጣች፣ ተነሱ። አላህ አስተማራቸው፤ እነርሱም ተማሩ። እንግዲህ ማንኛችንም «የእኔ ኢማን ጠንካራ ነው፣ ስልክ አይስበኝም» ብለን አንመካ።

ሁለተኛ፣ አያዋ ንግድን አልከለከለችም። ከእርሷ በፊት ያለችው 10ኛዋ አያ ሶላት ሲያልቅ በምድር ላይ እንድንበተንና የአላህን ችሮታ እንድንፈልግ ታዛለች። ጁሙዓ ሥራ የሚቆምበት ቀን አይደለም። ጥያቄው የቅደም ተከተል ነው፦ ማን ቆሞ ይጠብቅ? ንግዱ ወይስ የአላህ ጥሪ?

ሦስተኛ፣ ከበሮውን አስቡት። እህሉን ገና ማንም አላየውም፤ ድምፁ ግን ቀድሞ ደርሷል። ማስታወቂያ ማለት ይኸው ነው። ሸቀጡ ከመድረሱ በፊት ልብን የሚያስነሳ ድምፅ።

ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲሥ በኹጥባ ጊዜ ጠጠር የነካ ሰው ውድቅ ነገር እንደሠራ ተነግሯል። የዚያን ዘመን የመስጂድ ወለል ጠጠር ነበር። እጅ ሥራ ሲፈታ የሚነካካው እርሱን ነበር። ጠጠር ደግሞ አይናገርም፣ አይስቅም፣ ቪዲዮ አያሳይም። እርሱን መነካካት እንዲህ ከተባለ፣ ስልካችን ምን ሊባል ነው?

ቅፍለቷ ለምን አትሄድም?

በመዲናዋና በእኛዋ ቅፍለት መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ያችኛዋ መጣች፣ ሸጠች፣ ሄደች። የእኛዋ አትሄድም። ለምን እንደማትሄድ ማወቅ ይጠቅማል፤ ጠላቱን የማያውቅ ሰው ራሱን ብቻ ሲወቅስ ይኖራልና።

ፌስቡክና ኢንስታግራም የሜታ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሜታ ካገኘው ወደ 135 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገቢ ውስጥ 132 ቢሊዮን ያህሉ የመጣው ከማስታወቂያ ነው። እኛ ለፌስቡክ አንከፍልም፤ ታዲያ የሚሸጠው ምንድን ነው? የእኛ ዓይን። አንድ ቪዲዮ ላይ የቆየንባት እያንዳንዷ ሰከንድ ትመዘገባለች፤ ምን እንደሚያስቆመን ይጠናል፤ ቀጥሎ የሚመጣውም በዚያው ልክ ይመረጣል። በቀልዶቹ መሐል ማስታወቂያው ይሰካል። ከበሮውና እህሉ አንድ ላይ ተጭነዋል ማለት ነው።

ሌላም አለ። ድሮ አንድ የኢንተርኔት ገጽ መጨረሻ ነበረው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቀጣዩን መጫን ነበረብህ፤ ያች አፍታ «ይበቃኛል» ለማለት ዕድል ትሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የሚባል ባለሙያ ገጹ ማለቂያ ሳይኖረው ወደ ታች እንዲቀጥል የሚያደርገውን አሠራር ነደፈ። በኋላ ላይ ባመጣው ጉዳት መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ሰውዬው የወሰደብን ቀላል ነገር አይደለም። ሶላት ሰላምታ አለው፣ ምግብ መጥገብ አለው፣ ወሬም ስንብት አለው። ይህ ነገር ብቻ «አለቀ» አይልም።

ውጤቱን በየቤታችን እናየዋለን። የሌሊት ጥቅል ገዝቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያመሸ ልጅ ሱብሒን እንዴት ይነሳል? ዓይናችን ሲገለጥ ከአልሐምዱሊላህ በፊት እጃችን ስልኩን ይዳብሳል። ምሳ ላይ እናት ታወራለች፤ ልጅ ያለ ማቋረጥ «እ… እ…» ይላል። ቡኻሪ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲሥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ብዙ ሰው የሚከስርባቸው ሁለት ጸጋዎች ጤናና ትርፍ ጊዜ መሆናቸውን ነግረውናል። ኪሳራ የነጋዴ ቃል ነው። ጊዜ ካፒታል ነው ማለት ነው፤ ሳናውቀው ለሌላ ሰው ትርፍ እያስገባንበት ነው።

የ2016ን ክረምት አስታውሱ። በሶዶም፣ በአዲስ አበባም፣ ባጃጅ ውስጥም፣ ካፌም፣ ወጣቱ ቴሌግራም ላይ ሃምስተር ኮምባትን ሲነካ ይውል ነበር። ሳንቲም ለማግኘት ይህን ቻናል ተቀላቀል፣ ያንን የዩቲዩብ ቪዲዮ ተመልከት ይባል ነበር። መስከረም 16 ቀን 2017 ክፍፍሉ ሲመጣ ብዙዎች ያገኙት ከጠበቁት እጅግ ያነሰ ሆነ። አንዳንዱ «ተሸወድን» አለ። እኔ ግን የምላችሁ፣ ያ ክረምት ነጻ ሥራ ነበር። የተመለከትናቸው ቪዲዮዎችና የተቀላቀልናቸው ቻናሎች ለባለቤቶቻቸው ዋጋ ነበራቸው። ሸቀጡ እኛ ነበርን።

ሳቅ

ዲናችን ሳቅን አይጠላም። አንድ ሰው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) የሚጫነው ግመል እንዲሰጡት ሲጠይቃቸው፣ የግመል ልጅ ላይ እንደሚያስቀምጡት ነገሩት። ሰውየው ግልገል መስሎት ምን ያደርግልኛል ብሎ ግራ ገባው። እርሳቸውም ትልቁም ግመል ቢሆን የግመል ልጅ መሆኑን አስታወሱት። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ቀልዱ ውስጥ ውሸት የለም፤ የተዋረደም ሰው የለም። ሰውየውም ግመሉን አገኘ።

አሁን ስልካችን ላይ የሚያስቀንን ነገር በዚህ እንመዝነው።

ፕራንክ የሚባለውን ተመልከቱ። ሰውን በሐሰት ዜና ማስደንገጥ፣ ዕቃውን መደበቅ፣ ሲሯሯጥ መቅረጽ። በነቢዩ ዘመን በጉዞ ላይ አንድ ሰው እንቅልፍ ወሰደው። ጓደኞቹ አብሮት የነበረውን ገመድ ወሰዱበት፤ ነቅቶ ደነገጠ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም ሙስሊምን ማስደንገጥ እንደማይፈቀድለት ተናገሩ፤ አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ያ ገመድ ነበር፣ የሳቁትም ጥቂት ጓደኞች ነበሩ። የዛሬው ድንጋጤ ተቀርጾ በሺዎች ፊት ይዘረጋል፤ ሰውየው በማግስቱም ይሳቅበታል።

«ለቀልድ ነው» እየተባለ የሚፈጠረውን የውሸት ወሬም እንዲሁ። ሰዎችን ለማሳቅ ብሎ ለሚዋሽ ሰው ወዮለት መባሉን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ አስተላልፈዋል፤ ማስጠንቀቂያው በሐዲሡ ውስጥ ተደጋግሟል። የዱንያው ሕግ እንኳ ይህን አይቶታል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከላከለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ያሠራጨው ገጽ ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለው ቅጣቱን ያከብደዋል። ጆሮ ሲበዛ ኃላፊነት ይበዛል። ከሕግ አስከባሪ ብናመልጥ እንኳ ከቀኝና ከግራ ከሚጽፉት መላእክት አናመልጥም።

በተለይ እኛን የሚነካ አንድ ነገር ልጨምር። የወላይታ ሰው አማርኛ ሲናገር ያለውን አነጋገር እያስመሰሉ የሚሠሩ ቪዲዮዎች አሉ። ሊስትሮውን፣ ሎተሪ አዟሪውን እያሾፉ። አንዳንዴ የራሳችን ልጆች ሼር ሲያደርጓቸው አያለሁ። ወንድሜ፣ ያ አነጋገር የአያትህ ነው። ለአንተ ዱዓ ያደረገችልህ በዚያው አነጋገር ነው። ሱረቱል ሑጁራት 49፥11 ወንዶች በወንዶች፣ ሴቶችም በሴቶች እንዳይሳለቁ ይከለክላል። የሚሳለቁባቸው ሰዎች አላህ ዘንድ ከእነርሱ የተሻሉ ሊሆኑ እንደሚችሉም ያስጠነቅቃል። ክልከላው በእኛ ላይ ሲሳለቁብን ብቻ የምንመዘው አይደለም። ወደ እኛም ይዞራል፦ የሌላውን ብሔር አነጋገር፣ የገጠሩን ሰው፣ የአካል ጉዳተኛውን የምናስመስልበትን ቪዲዮ ሁሉ ይመለከታል።

በዚህ ዞን እኛ ሙስሊሞች ጥቂት ነን። አብዛኞቹ ጎረቤቶቻችን ፕሮቴስታንቶችና ኦርቶዶክሶች ናቸው፤ በለቅሶውም በሠርጉም አብረን ነን። የፓስተሩን ጸሎት ወይም የቄሱን ዜማ አስመስሎ ማሾፍ ላይክ ያስገኝ ይሆናል። ነገር ግን ሱረቱል አንዓም 6፥108 ሌሎች የሚያመልኩትን እንዳንሰድብ ያዘናል፤ እነርሱም በምላሹ ባለማወቅ አላህን እንዳይሰድቡ። ለብዙ ጎረቤት የሚያውቀው ኢስላም አንተ የለጠፍከው ነገር ብቻ ሊሆን ይችላል።

የሚሸጡና የሚያስተዋውቁ

ብዙዎቻችሁ እንደዚያ ወጣት ትሸጣላችሁ። ጫማ፣ ሒጃብ፣ የስልክ ዕቃ፣ የወላይታ ቅቤ፣ ዳጣ። ማሻአላህ፣ በእጅ ጥረት መብላት ክብር ነው። የኦንላይን ገበያም ገበያ ነውና የገበያው ሕግ አብሮት ይገባል።

ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን አስገቡ፤ ጣታቸው ርጥበት ነካ። ባለቤቱን ሲጠይቁት ዝናብ መትቶት ነው አላቸው። ሰዉ እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግከውም አሉት፤ የሚያታልል ሰውም ከእርሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። እስቲ ፖስታችንን በዚህ እንየው። ከላይ የተደረገው ደረቁ ነው ወይስ እርጥቡ? ከሌላ ገጽ የተወሰደ ፎቶ ለጥፎ ሌላ ዕቃ መላክ፣ ሙዝ የተቀላቀለበትን ቅቤ «ንጹሕ» ማለት፣ ያገለገለውን ስልክ «አዲስ» ማለት፣ እነዚህ ሁሉ እርጥቡን ከሥር መደበቅ ናቸው።

ሁለት ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ሳያውቅ ይሠራዋል። የመጀመሪያው የውሸት ኮሜንት ነው። ጓደኛውን «ደርሶኛል፣ ጥራቱ ልዩ ነው» ብለህ ጻፍልኝ ይለዋል፤ ጓደኛው ግን አልገዛም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነጅሽን ከልክለዋል፤ ይኸውም የመግዛት ሐሳብ ሳይኖር ሌላውን ለማማለል ዋጋ መጨመር ነው። መልኩ ቢለያይም ዓላማው አንድ ነው። በገንዘብ ተከፍሎት ሞክሮት የማያውቀውን ቅባት «እኔ የምጠቀመው ነው» የሚል ታዋቂ ሰውም ከዚህ አይርቅም። ያ ምስክርነት ነው፤ ሐሰተኛ ምስክርነት ደግሞ ከትላልቆቹ ወንጀሎች ነው።

ሁለተኛው እጅ ላይ የሌለን ዕቃ እንደራስ አድርጎ መሸጥ ነው። ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ) ስለዚህ ጠይቆ፣ እርሱ ዘንድ የሌለውን እንዳይሸጥ ተነግሮታል። መውጫው ግን አስቸጋሪ አይደለም። «ዕቃው የእኔ አይደለም፤ አምጥቼ እሰጥሃለሁ፣ የድካሜ ይህን ያህል ነው» ብሎ ወኪልነትን በግልጽ መናገር ይቻላል። ዝርዝሩን የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። ከዚሁ ሐኪም ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲሥ ደግሞ ሻጭና ገዢ እውነት ከተናገሩና ካልደበቁ ንግዳቸው እንደሚባረክ፣ ከዋሹና ከደበቁ ግን በረካው እንደሚነሳ ተነግሯል። ተከታይ በዝቶ በረካ የጠፋበትን ገጽ ምን እናደርገዋለን?

ለዚህ ሳምንት

ብዙ ነገር በአንዴ አልጠይቃችሁም። የሚቻለውን እንያዝ።

1. ዛሬ ለጁሙዓ ውዱእ ስታደርጉ ስልኩን አጥፉት። ድምፁን መቀነስ አይበቃም፤ ከቻላችሁ ቤት ተዉት። ሱረቱል ካህፍን ከስልክ የምትቀሩ ከሆነ ዳታውን አጥፍታችሁ ቅሩ።

2. ማታ ስልኩን ከአልጋ አርቃችሁ አስቀምጡ። የሱብሒ ማንቂያውን ለማጥፋት መነሳት ግድ ይሁንባችሁ። ከተነሳችሁ ውዱእ ቅርብ ነው።

3. ከስልክ ጥሪና ከሚያስፈልጋችሁ መልእክት በቀር የሌላውን ማሳወቂያ ዝጉ። ከበሮው ካልተመታ ቅፍለቷ ትረሳለች።

4. ቀልድ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ እውነት ነው? የሚሳቅበት ሰው ማን ነው? እዚህ አጠገቤ ቢቀመጥ አብሮኝ ይስቅ ነበር?

5. የምትሸጡ ዋጋውን በግልጽ፣ ፎቶውን የራሳችሁን፣ ጉድለቱንም ከላይ አድርጉ።

6. በጁሙዓ ዱዓ ተቀባይነት የሚያገኝባት አንዲት ሰዓት አለች። ብዙ ዑለማዎች ከዐስር በኋላ ያለችው የመጨረሻዋ ሰዓት ናት ይላሉ። ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ እጃችሁ ስልክ ላይ ሳይሆን ለዱዓ የተዘረጋ ይሁን።

ያ ወጣት በዚያው ሳምንት ቻናሉ ላይ አንድ ጽሑፍ ከላይ አሰረ፦ «ጁሙዓ ከ6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ተኩል ሶላት ላይ ነኝ። ከዚያ በኋላ እመልሳለሁ።» ባለፈው ጁሙዓ ስልኩን ከመስጂድ ወጥቶ ሲከፍት አንድ ደንበኛ አራት ጊዜ ጽፎ፣ መልስ ሲያጣ ከሌላ ሰው መግዛቱን ነግሮት አገኘ። ሁለት ጥንድ ጫማ ነበር። «ከሰረብኝ፣ ኡስታዝ» አለኝ፤ ግን ጽሑፉን አላነሳውም።

ያ ገንዘብ ለእርሱ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለእናቱ የሚላክ ነበር። የመዲናዎቹ 12 ሰዎችም ቤታቸው እህል አልሞላም ነበር። እነርሱም ከበሮውን ሰምተዋል። የቀሩት ስላልራባቸው አይደለም፤ ሪዝቅ ሰጪው ማን እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው።

አላህ ሆይ፣ ዓይናችንን፣ ጣታችንንና ምላሳችንን ከሚያስቆጣህ ነገር ጠብቅልን። ሳቃችንን ንጹሕ፣ ንግዳችንን ሐላል፣ ጊዜያችንን በረካ ያለው አድርግልን። ስትጠራን ቅፍለቷን ትተው ከቀሩት አድርገን። አሚን።

ዛሬ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት አብዙ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።